የአስፒሪን ስም ትርጓሜና አመጣጥ

ራሳችንን ሲያመን አስፒሪን እንላለን እንጂ የስሙን ትርጓሜ አንመረምርም። ስሙን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ያወጣው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ነው። «አ» አሴቲል ከሚለው የኬሚስትሪ ቃል ተወሰደ። «ስፒር» ደግሞ ስፒሬያ ከምትባል የሜዳ አበባ የመጣ ነው፤ ጀርመኖች ሳሊሲሊክ አሲድን ከእርስዋ አግኝተው በስምዋ ይጠሩት ነበርና። «ኢን» የተለመደ የመድኃኒት ስም መድረሻ ነው።

መድኃኒቱን በ1897 በቤተ ሙከራ የሠራው ፌሊክስ ሆፍማን ነው ተብሎ በ1934 ተጻፈ። ናዚዎች በቴሬዚንሽታት አስረውት የነበረው አይሁዳዊው ኬሚስት አርቱር አይኸንግሩን ግን፥ ሆፍማን የሠራው በእርሱ መሪነት እንደ ነበረ በ1949 ጽፎ በዚያው ዓመት ሞተ። ኩባንያው ይህን አልተቀበለም።

እንግዲህ አበባዋ በመድኃኒቱ ስም ውስጥ ስትታወስ የሰውየው ድርሻ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ታሪክ ስናነብ፥ ስሙ ሳይጻፍ የቀረው ማን ነው ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።