የዋንጫ መስኮት ወይስ የዋንጫ አፍላ?

የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ተንታኞች ቡድኑ ዋንጫ የሚያነሳበት ጊዜ ሊያልፍ ነው ለማለት «የቡድኑ መስኮት ሊዘጋ ነው» ይላሉ። አባባሉ እንዳለ ወደ አማርኛ ሲገባ ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። መስኮት ከግእዝ የወረስነው የብርሃን መግቢያ ነው። «የዝውውር መስኮት» ስንል ወደ ጊዜ ተሻግሯል፤ መክፈቻና መዝጊያ ቀኑ የተቆረጠ ስለሆነ ያስኬዳል። የዋንጫው ግን ቀን የለውም፤ የሚወስነው የአመራሩ እጅ ነው።

የበረዶ ሆኪ ቡድኑን ቺካጎ ብላክሆክስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ49 ዓመት ጥበቃ በኋላ የሊጉን ሻምፒዮና፣ የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። ሊጉ ለደመወዝ ጣሪያ አበጅቷልና በዚያው ዓመት እንደ ደስቲን ባፍሊን ያሉ ተጫዋቾችን ሸኘ፤ ዋና ዋናዎቹን ግን አልለቀቀም፤ በ2013 እና በ2015 ድሉን ደገመው። በ2014 ግን ከዋናዎቹ ለጆናታን ቴይቭዝና ለፓትሪክ ኬን ለእያንዳንዳቸው በዓመት በአማካይ 10.5 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል የ8 ዓመት ውል ፈርሞ ስለነበር ለሌሎቹ የሚተርፈው ገንዘብ ጠበበ። ከ2015 ወዲህ ዋንጫ አላየም።

እንዲህ በአያያዝ ለሚረዝምና ለሚያጥር ብርታት አማርኛ «አፍላ» የሚል ቃል አለው፤ አፍላ ጉልበት፣ አፍላ ዕድሜ እንላለን። «የዋንጫ አፍላ» ብንልስ? ያኔ አመራሩ አፍላውን አራዘመው ወይም አባከነው ማለት ይቻላል፤ መስኮት ግን አይባክንም።