እማማ እና የእንጦጦው ባሕር ዛፍ

ጉንፋን ሲይዘኝ አያቴ መጀመሪያ የምትለኝ «ታጠንክ?» ነው። ኪኒን መዋጤን አትጠይቅም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ትንሽ ወጣ ካልኩ ለጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቷል። እሷ ታፈላዋለች፤ ጋቢ አከናንባኝ «በአፍንጫህ ሳበው!» ትለኛለች።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር ሰፈሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሸተተ። ሾላ ገበያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ይሻሙበት ነበር። እኔ ደግሞ «ዘመናዊ» ነኝና ቫይታሚን ሲ፣ ዚንክ እና አንዲት ትንሽ ጠርሙስ የባሕር ዛፍ ዘይት ገዝቼ ገባሁ። እማማ ጠርሙሷን ከፍታ አሸተተችና «ይሄማ የኛው ዛፍ ነው! በስንት ገዛኸው?» አለች። ነገርኳት። ሳቀች። «እኔ በጀርባዬ ሳወርደው ማን እንዲህ ከፈለኝ?»

ያን ጊዜ ነው የዛፉን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት።

ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ተራራው ለጥበቃ እንጂ ለኑሮ አልተመቸም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ማገዶው ይርቃል። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ገላቸውን ለመታጠብና ሕመማቸውን ለማስታገስ ወደ ፍልውሃ ይወርዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ የተቆረቆረችውም በዚያው አካባቢ ነው። ከተማችን ራሷ ጤና ፍለጋ የወረዱ ሰዎች ሥራ ናት ማለት ይቻላል።

የማገዶው ችግር ግን አብሮ ወረደ። ጥዱና ወይራው ተመነጠረ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ካቆዩአት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው። ዘሩ የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ።

በትውልድ አገሩ ቀደምት ሕዝቦች ቅጠሉን ለመድኃኒት ይጠቀሙበት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጆሴፍ ቦሲስቶ የተባለ ፋርማሲስት ዘይቱን እዚያው እያጣራ ለንግድ አቀረበው። እኛ ጋ ግን ዛፉ የመጣው ለምድጃ ነው። መድኃኒትነቱ በኋላ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ በእናቶች እጅ የተጨመረ ይመስለኛል።

እማማ ከእነዚያ እናቶች አንዷ ናት። ጎህ ሳይቀድ ወደ ጫካው ትወጣለች፤ ቅጠልና ጭራሮ ሰብስባ፣ አጎንብሳ ቁልቁል ትወርዳለች። ግማሹን ሸጣ በግማሹ እንጀራ ትጋግራለች። እናቴን ያሳደገችው በዚህ ነው።

ከኮሮናው በፊት የጀመራት ሳል አልለቅ ሲላት ለወራት ታጠነች። ሲታጠኑ ቀለል ይላል፤ ውሸት አይደለም። በዘይቱ ውስጥ ዋናው ንጥረ ነገር ሲኒዮል ይባላል፤ የታፈነ አፍንጫ የተከፈተ እንዲመስለን ያደርጋል፣ አክታንም ያላላል። በቪክስ ውስጥም አለ። እኛም ቀለል ሲላት እያየን «እየተሻላት ነው» ብለን ተቀመጥን። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል መመርመር እንዳለበት ማን ነገረን?

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ተመረመረች፤ አይደለም ተባለ። ከዚያ ሐኪሟ «እናቴ፣ ምን እያነደዱ ነው የሚጋግሩት?» አለቻት።

«ቅጠል ነዋ። የባሕር ዛፍ።»

«ስንት ዓመት?»

እማማ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። ሳንባዋን የጎዳው ጭሱ ነበር። ያሳመማትም የሚያስታግሳትም አንድ ዛፍ ሆኖ አረፈው።

የኔዋ ጠርሙስስ? ሻጩ «ሻይ ላይ ሁለት ጠብታ ጣል አድርግ» ብሎኝ ነበር። ፋርማሲ የሚሠራ ጓደኛዬ ሲሰማ ጮኸብኝ። የባሕር ዛፍ ዘይት አይጠጣም፤ ልጅ ትንሽ እንኳ ቢውጠው ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። የፈላ ድስትም ከልጅ መራቅ አለበት። ቫይታሚን ሲውም ቢሆን በየቀኑ ለሚወስደው ሰው ጉንፋኑን በጥቂቱ ያሳጥርለት እንደሆን እንጂ፣ ለአብዛኛው ሰው ጉንፋን እንዳይዘው አያደርግም። ለእማማ ሳንባ ከሁሉ የሚበልጠው ድጋፍ ጭስ የሌለው ማድ ቤት ነበር። እሱ ደግሞ በጠርሙስ አይሸጥም።

አሁን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተንላታል። ጉንፋን ሲይዘኝ አሁንም «ታጠንክ?» ትላለች፤ እኔም እታጠናለሁ። መብራት የጠፋ ቀን ግን ዓይኗ ወደ ቅጠሉ ክምር ይሄዳል። ያን ጊዜ «ቆይ እማማ፣ እንጀራ ገዝቼ ልምጣ» ብዬ እሮጣለሁ።