መዓት ወንድና ሴት አይለይም?

ወገኖቼ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው። እኛም ያለነው በሸራ ቤት ነው። ከዝናቡ በፊት ትንሽ ታሪክ ላካፍላችሁ።

«መዓት ሲመጣ ወንድ ሴት አይልም» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1991 ባንግላዴሽን ከባሕር የተነሳ አውሎ ነፋስ መታት። 140 ሺህ ገደማ ሰው አለቀ። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 44 ከሆነው መካከል ከሺህ ወንዶች 15 ሲሞቱ፣ ከሺህ ሴቶች 71 ሞተዋል። ማዕበሉ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከአኗኗር ነው። ማስጠንቀቂያው የተነገረው በአብዛኛው ወንዶች በሚውሉበት አደባባይ ነበር። እቤት የዋለችው ብዙ ጊዜ አልሰማችም። የሰማችውም ባሏን ስትጠብቅ፣ ልጆቿን ስትሰበስብ ውሃው ደረሰባት።

በ2004ቱ ሱናሚም እንዲሁ ነው። በኢንዶኔዥያ አቼ በሚገኙ አራት መንደሮች ከተረፉት 676 ሰዎች ሴቶቹ 189 ብቻ ነበሩ። ብዙ ወንዶች ዓሣ ለማጥመድ ባሕር ላይ ወይም ከመንደር ውጭ ነበሩ፤ ዋናና ዛፍ መውጣትም የለመዱት እነሱ ናቸው።

ረሃብ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በዩክሬን ረሃብ ወንዶች ከሴቶች ይበልጥ ሞተዋል። ይሁንና የተረፈች ሴት ተረፈች ማለት ኑሮዋ ተረፈ ማለት አይደለም። ስለ እኛው ወሎ የ1965 እና 66 ዓ.ም. ረሃብ የጻፈው አማርትያ ሴን፣ ከተጎዱት መካከል ከአፋር አርብቶ አደሮችና ከጭሰኞች ጋር በአገልግሎት ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችን ይቆጥራል። ገበሬው ሲደኸይ ሠራተኛ የሚቀጥር ይጠፋል። እህል ገበያ ላይ ቢኖር እንኳ እሷ የምትገዛበት የላትም።

ይህን የምጽፈው ወንዶችን ለመውቀስ አይደለም። እዚህ እኛ ጋም የጎርፍ ወሬ መጀመሪያ የሚሰማው ወንዶች ሻይ በሚጠጡበት ቦታ ስለሆነ ነው። ውሃ ልትቀዳ የወረደችው፣ አራስ የሆነችው፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድገው በምን ትስማ?

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ የሰማችሁትን እዚያው ጥላችሁት አትሂዱ፤ ጎረቤት ቤት አንኳኩ። እህቶቼ፣ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ማንንም ሳትጠብቁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትወጡበትን ከፍታ ዛሬውኑ ለዩ። ወረቀታችሁንም በላስቲክ ጠቅልላችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ስልክ ለሌላቸውም አንብቡላቸው።

እግዚአብሔር/አላህ ይጠብቀን።