ሁለቱ ኪዳነ ምሕረቶች፦ የዐድዋ ጦርነት ለሶፍትዌር ቡድን አመራር የሚሰጠው ትምህርት



ዛሬ ስለ ዐድዋ የምናገረው ድሉን ለማወደስ ሳይሆን አንድ የስም ስሕተት ለመመርመር ነው።

የካቲት 22 ለ23 ሌሊት 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ ወደ ዐድዋ ተራሮች አንቀሳቀሰ። ጄኔራል አልቤርቶኔ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ለአዛዦቹ የታደለው ንድፍ ካርታ ግን ስሙን የሰጠው ለሌላ ኮረብታ ነበር። አልቤርቶኔ በካርታው ከተመለከተው ቦታ ሲደርስ፣ አገሩን የሚያውቁ መንገድ መሪዎች እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት እንደ ሆነ ነገሩት፤ እርሱም ገሠገሠ። ሲነጋ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተፋጠጠ። ሊደግፈው የተላከው ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ራቀ።

ልብ በሉ፤ አልቤርቶኔ ትእዛዝ አልጣሰም፣ መንገድ መሪዎቹም ስለ ኮረብታው የተናገሩት እውነት ነበር። ጥፋቱ አንድ ስም ለሁለት ነገር መዋሉ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ተቋም የተማሪዎች መረጃ ሥርዓት ሲሠራ በአማካሪነት ተሳትፌ ነበር። «ንቁ ተማሪ» የሚለው ሐረግ ለአንዱ ቡድን የተመዘገበ ማለት ነበር፤ ለሌላው ክፍያ ያጠናቀቀ። ሁለቱም ክፍሎች ለየብቻቸው ያለ እንከን ሠሩ፤ ሲገጣጠሙ ግን ክፍያ ያልጨረሱ ተማሪዎች ከፈተና ዝርዝር ጠፉ። ሰነዱን አስቀድሜ ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ሐረጉን «ግልጽ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ የጊዜ ገደብ ነው። የካቲት 21 ማታ ባራቲየሪ የብርጌድ አዛዦቹን አማከረ። ስንቁ እያለቀ ስለ ነበር ማፈግፈግን አስቦ ነበር፤ ከሮም ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ድልን አጥብቀው ይሹ ነበር፤ ጄኔራሎቹም ማጥቃትን መረጡ። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊትም በበኩሉ በስንቅ ተቸግሮ ስለ ነበር፣ ጥቂት ቀናት መታገሥ የጦርነቱን መልክ ሊለውጥ ይችል ነበር። ከላይ የተጫነ ቀነ ገደብ ባለበት ስብሰባ «አልደረስንም» ማለት ፈሪ ያሰኛል። እንዲህ ያለው ሰው እንዳያፍር ማድረግ የመሪው ድርሻ ነው።

በኢትዮጵያ ወገን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ መኮንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ እያንዳንዳቸው የሚያውቃቸውን ጦር ይመሩ ነበር። ዓላማው የጋራ፣ አፈጻጸሙ ግን የየአዝማቹ ስለ ነበር፣ ጠላት ተበታትኖ ሲገኝ ፈጥነው መግጠም ቻሉ።

ሆኖም ንጽጽሩ ወሰን አለው። በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ ፕሮግራመር ደግሞ ወታደር አይደለም። ከጦር ሜዳ ትእዛዝ ሰጪነትን ወደ ቢሮ እንድናመጣ አልመክርም። የምመክረው ይህን ብቻ ነው፦ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት «ኪዳነ ምሕረት የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠያቂውንም አትገሥጹ።