ከጦርነት የተረፉት ጭነት አውሮፕላኖችና ያቆዩአቸው እጆች

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ በበጋ የከብት አገር ነው። በክረምት ግን ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ያጋበሱትን ውሃ ይዘው ሲወርዱ ከአፋፋቸው እያለፉ ሜዳውን ያለብሱታል። ወረታም ሆነች በአቅራቢያዋ ያለችው ቁሐር ሚካኤል፣ በዙሪያቸው ካሉት መንደሮች ጋር፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከውሃና ከጭቃ ጋር መኖርን የለመዱ ናቸው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ በመያዝ ወደ ጎንደር የሚያቀና አውሮፕላን ይህን ሜዳ ከቀኝ ክንፉ በታች ያገኘዋል። ከላይ ሲታይ ሐይቁ የት ላይ አልቆ የብሱ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት የሚያስቸግርባቸው ወራት አሉ።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ በ1967 ዓ.ም. ግድም ተጀምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ እስኪጠናቀቅ ድረስ፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለውን ደጋ አቋርጦ ወሎ መግባት የበቅሎና የእግር ጉዞ ነበር። ከዚህም የተነሣ፣ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል እንደታየው ሁሉ፣ ሰማዩ ከምድሩ ቀድሞ መንገድ ሆነ። በዚያ መንገድ ላይ የተመላለሰው ግን ለዚህ ሥራ ታስቦ የተሠራ አዲስ አውሮፕላን ሳይሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው ዳግላስ ሲ-47 ነበር።

ይህ አውሮፕላን ዲሲ-3 ተብሎ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የመንገደኛ ማመላለሻ ወታደራዊ ልጅ ነው። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ወለሉ ጠንክሮ፣ በጎኑ ሰፊ የጭነት በር ወጥቶለት፣ ከ10,000 በላይ ሆኖ ተመረተ። ሠሪዎቹ ያሰቡለት ዕድሜ ጦርነቱ እስኪያልቅ ያለውን ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጦርነቱ አልቆ አሜሪካኖች ትርፉን በርካሽ ሲሸጡ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አምስቱን ገዛ። በቲ.ደብልዩ.ኤ. ድርጅት ባለሙያዎች እየተመራም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ወታደሮቹ የተቀመጡባቸው ተጣጣፊ አግዳሚዎች በግራና በቀኝ ግድግዳ እንዳሉ ነበሩ። መንገደኛው በእነርሱ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ ጭነቱም በመካከል በገመድ ታስሮ ይጓዛል። እንዲህ የተጀመረው አገልግሎት እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ ማለትም ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ።

እንዴት ሊቆይ ቻለ ለሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የጥንት ዕቃ ጠንካራ ነው» የሚል ነው። መልሱ እውነት አለው፤ ግን ግማሽ ነው። የሲ-47 ክንፍ ጭነቱን በአንድ ምሰሶ ላይ ሳይሆን በብዙ ተካፋይ አካላት ላይ የሚያሳርፍ በመሆኑ ድካም በአንድ ቦታ አይጠራቀምበትም። እንደ ዘመናዊው ጄት ውስጡ በአየር ግፊት ስለማይነፋም አካሉ በየበረራው አይወጠርም፣ አይረግብም። የአውሮፕላን ዕድሜ በሦስት መንገድ ይቆጠራል፤ በዘመን፣ በበረራ ሰዓት፣ በመነሣትና በማረፍ ብዛት። በሦስተኛው ቆጠራ በርካታ ጄቶችን ቶሎ የሚያስረጀው ድካም በሲ-47 ላይ የሚበረታው ቀስ ብሎ ነው። ሌላው ግማሽ መልስ ግን በብረቱ ውስጥ ሳይሆን በጥገና ሠራተኛው ቀን ውስጥ ይገኛል።

የሲ-47 ሁለት ሞተሮች እያንዳንዳቸው በክብ የተደረደሩ 14 ሲሊንደሮች አሏቸው። ሌሊቱን ቆሞ ባደረ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ቀስ በቀስ ተንጠባጥቦ ከታች ባሉት ሲሊንደሮች ይጠራቀማል። ዘይት ደግሞ እንደ አየር የሚታመቅ ነገር አይደለም። ሞተሩ እንደዚሁ በድንገት ቢነሣ ፒስቶኑ ከዘይቱ ጋር ተጋጭቶ ቢየላውን ያጣምመዋል። ስለዚህ በማለዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ፕሮፔለሩን በእጅ እየገፉ ደጋግሞ ማዞር ነበር። የሚከብድ ቦታ ላይ ሲደርስ መካኒኩ በጉልበት አይታገለውም፤ የታችኛውን ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ያፈሳል። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ አውሮፕላን ላይ 56 ካንዴላዎች ይገኛሉ። አንዱ ሲሰንፍ ሞተሩ የሚያሰማውን ድምፅ ለይቶ ማወቅ ከመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ጨርቁ ነው። የሲ-47 አካል አሉሚኒየም ይሁን እንጂ፣ አቅጣጫውንና ሚዛኑን የሚጠብቁት የክንፉና የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በጨርቅ የተለበጡና በልዩ ቀለም የተወጠሩ ናቸው። ጨርቁን የደጋ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ የክረምት ዝናብ ያበሰብሰዋል። በየጊዜው ተፈትኖ፣ ተቀዶ፣ እንደገና መሰፋት ነበረበት። የአንድ አገር አየር መንገድ ከመርፌና ከክር ጋር የሚሠሩ ሰዎች ያስፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው። የተሰፋው፣ የተለወጠው፣ የተፈታውና የታሰረው ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል፤ የሠራውም የመረመረውም ይፈርሙበታል። መዝገቡ የጎደለበት አውሮፕላን፣ ምንም ያህል ቢያንጸባርቅ፣ ዕድሜው የማይታወቅ አውሮፕላን ነው።

አብራሪውም የራሱ ትግል ነበረው። ሲ-47 በጭራው ጎማ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ የሚቆም በመሆኑ፣ ተሸካሚው ዕቃውን፣ መንገደኛውም ራሱን ይዞ ወደ ፊት አቀበት ይወጣል። ሲያርፍ ነፋስ ከጎን ከያዘው ጭራው ለመዞር ይቸኩላል። ከአሜሪካኖቹ አብራሪዎች ጎን ተቀምጠው ይህን የተማሩት ኢትዮጵያውያን ቁጥር እያደገ ሄዶ፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 (እ.ኤ.አ.) በአዛዥነት ለማብረር በቁ።

ከሁሉ የከበደው ግን ከፍታው ነው። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ የአየር ማረፊያ ያላት ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች፤ ከበስተ ኋላዋ ያለው ጉና ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በደብረ ታቦር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚደገፍበትም፣ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈውም፣ ሞተሩ የሚተነፍሰውም አየር ይህ ስለሆነ፣ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ መውጣቱም ይዘገያል። እንደዚህ ካለ ሜዳ ሙሉ ጭነት ይዞ የተነሣ ሲ-47 ከመሬት እንደ ተላቀቀ አንደኛው ሞተር ቢጠፋበት፣ የቀረው ሞተር ሽቅብ ሊያወጣው አይችልም። በመሆኑም ካፒቴኑ ከመነሣቱ በፊት የሚያደርገው ሒሳብ ምን ያህል ጭነት መውሰድ ይቻላል የሚል ብቻ ሳይሆን ማንና ምን ይቅር የሚልም ነበር። ከአውሮፕላን በቀር ሌላ መንገድ በሌለው አገር ይህን መወሰን ቀላል አይደለም። በመንደርደሪያው ዳር ተሰልፎ የሚለምን ዘመድ ባለበት «ይህ ይውረድ» ማለት፣ ከማብረሩ ጥበብ ያላነሰ ጽናት ይጠይቃል።

በእርግጥ አደጋ አሮጌን ብቻ መርጦ አይመጣም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 ገና አዲስ ነበር። በመነሻው ላይ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት፤ ወደ ሜዳው ለመመለስ ሲሞክርም ኃይል አጥቶ በሆዱ ወደቀና ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በዚያው ዘመን ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሲ-47ቶች በአገሪቱ ሰማይ ይበሩ ነበር።

ከዚህ 16 ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው አደጋ ደግሞ ስለ ጥገና የሚናገረው ከዚህ ይበልጣል። የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ንብረት የነበረው ሱፐር ቪሲ-10 ለመነሣት ሲንደረደር ወፍ መታው። በመንደርደሪያው ላይ ከሌላ ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ የቀረ የብረት ቁራጭም የፊት ጎማውን አፈነዳው። አብራሪው በረራውን አቋርጦ ፍሬን ያዘ፤ ነገር ግን የፍሬኑ አንድ ክፍል ከዚያ በፊት ተፈትቶ ሲገጠም በትክክል ስላልተገጠመ ኃይሉ ጎድሎ ነበር። አውሮፕላኑ ከሜዳው አልፎ ወድቆ ተቃጠለ፤ በውስጡ ከነበሩት 107 ሰዎች 43ቱ አለቁ። አንዲት የብረት ቁራጭና አንድ የተሳሳተ አገጣጠም ገና ወጣት የሆነን አውሮፕላን ለማጥፋት በቂ ሆኑ።

የዚህ አውሮፕላን እኅቶች ዕጣ የተለየ ነው። አየር መንገዱ በ1969 ዓ.ም. ሲፈርስ የቀሩትን አራት ሱፐር ቪሲ-10ሮች የእንግሊዝ አየር ኃይል ገዝቶ በአየር ላይ ነዳጅ የሚያቀብሉ አውሮፕላኖች አደረጋቸው። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ኖሯት አያውቅም፤ የእነዚህን ወንድም ግን በመዲናዋ ቀብራለች። ቪሲ-10 ከአየር ኃይሉ የተሰናበተው በመስከረም 2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው ከበረሩት መካከል በምሥራቅ አፍሪካ ሥራ የጀመሩት ይገኙበታል። በ1948 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የአሜሪካኖች ኬሲ-135 ደግሞ ምርቱ በ1957 ዓ.ም. አብቅቶ ሳለ ዛሬም ነዳጅ ያቀብላል። ሆኖም ሞተሮቹ በአዲስ ተለውጠዋል፤ የክንፉም የታችኛው ልባስ ተገፎ ታድሷል። ስሙና ቅርጹ የጥንቱ ይሁን እንጂ፣ ለማቆየቱ የፈሰሰው ገንዘብና ዕቃ ድሀ አገር የሚችለው አይደለም።

የወታደራዊው ወገን ታሪክ በኢትዮጵያ የሚለየው በዚህ በዕቃው ነጥብ ነው። ደብረ ዘይት ላይ የነበረው አየር ኃይል ከሲ-47 ሌላ፣ ሁለት ጭራ ያለውን ሲ-119ን ከአሜሪካ በአሮጌነቱ ተቀብሎ ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ሲቋረጥ ግን የመለዋወጫው በር ተዘጋ። መካኒኩ ያው ነው፤ እጁም ያው ነው፤ የሚገጥመው ጓርኒሲዮን ግን የለም። በኋላ ከሶቪየት ኅብረት የመጣው አንቶኖቭ-12 በአራት ሞተሮች የሚበር ትልቅ ጭነት ተሸካሚ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ መፍቻ፣ ሌላ መዝገብ መጣ። በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ የአንድ ባለሙያ ዕውቀት ሁለት ጊዜ ከሀ ጀመረ ማለት ነው። ሲቪሉ አየር መንገድ ሲ-47ን ያቆየው ከአሜሪካ አምራቾች ጋር የነበረውን የዕቃ መሥመር ሳይበጥስ ስለ ቆየ ነው፤ ይህ ልዩነት ከብረቱ ጥንካሬ ይልቅ ብዙ ይገልጻል።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደግሞ የዓለም ወታደራዊ ጭነት አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ተሰበሰቡ። ከጥቅምት 1977 እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሄርኩለሶች፣ ከእነርሱም ጋር የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎችና የሶቪየት አንቶኖቮች እህል አመላለሱ። መንደርደሪያ በሌለበት ደጋ እህሉ በተደራራቢ ጆንያ ታስሮ፣ ያለ ፓራሹት፣ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከሚበር አውሮፕላን ይወረወር ነበር። ለመጣያው ቦታ ምልክት የሚያደርጉት በፖላንድ ሄሊኮፕተር የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። በጠጠር ሜዳ ላይ ማረፍ የአውሮፕላኑን ሆድና ፕሮፔለር ያቆስላል፤ በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ መብረርም ክንፉን ያናውጻል። የአንድ ዓመት የኢትዮጵያ ሥራ አንድን አውሮፕላን በሰላም አገር ከሚሠራው ብዙ ዓመት ይበልጥ ያስረጀዋል። ይሁንና በዚያ ዓመት ይህን ሒሳብ አስቀድሞ የተነሣ አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም ነበር።

ሲ-47ቶቹ ከመንገደኛ ሥራ ሲወጡ ቦታቸውን ትዊን ኦተርና ኤቲአር-42 ያዙ። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደውም ሰው በአውቶቡስ መጓዝ ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ወታደራዊው ሰማይ ግን አሮጌዎቹን አልለቀቀም። ነሐሴ 3 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር ኃይል አንቶኖቭ-12 ጥይት ጭኖ ሞቃዲሾ ላይ ሲያርፍ ተከስክሶ ተቃጠለ፤ ከስድስቱ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች አራቱ ሞቱ። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ምርት በሶቪየት ኅብረት ያበቃው በ1965 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የመጨረሻው ልጅ እንኳ በዚያ ቀን አርባ ዓመት ሆኖታል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ አሜሪካኖች አንድ ያገለገለ ሲ-130 ቢሾፍቱ ላይ ለአየር ኃይሉ አስረከቡ። ሲ-130 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በ1946 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሲደርስ ተረካቢው መካኒክ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቁልፉን ሳይሆን መዝገቡን ነው።