ከጉልላቱ ሥር የቆሙት

ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ገብቶ ግድግዳውን በዝግታ የቃኘ ሰው ከሥዕሉ መካከል ተደፍተው የሚሰግዱትን ወይዘሮ መላኮታዊትን ያገኛል። በታንኳ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግሮ ናርጋ ሥላሴን የተሳለመም እቴጌ ምንትዋብን ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ያያቸዋል። ያሠራ ሰው ባሠራው ደብር ውስጥ መልኩን ማስቀረቱ በአገራችን የቆየ ደንብ ነው። ድንጋዩን ያመላለሰው፣ ኖራውን ያቦካው፣ ለሠራተኛው እንጀራ የጋገረችውና ጠላ የጠመቀችው ግን ግድግዳው ላይ የሉም። ይህን የምለው መኳንንቱን ለመውቀስ አይደለም። ሠዓሊው የሚያድረው በእነሱ ነበር፤ ማን እንደሚሣል የሚቆርጠውም ሁልጊዜ ከፋዩ ነው። ስለ ደብረ ታቦርና ስለ ደቡብ ጎንደር ደጋ ፎቶ አንሺዎች ልጽፍ ተነስቼ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የጀመርኩት፣ ይህ የከፋይ ነገር እስከ ዛሬው የሞባይል ካሜራ ድረስ እየተከተለን ስለመጣ ነው።

ደንቡን የሰበሩ አልጠፉም። ከጣና በስተምሥራቅ ቆራጣ ላይ የነበረው የወለተ ጴጥሮስ ማኅበር የራሱን ታሪክ አስጽፎ አቆይቶልናል። ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 ገድሏን ሲጽፍ ቅድስቲቱ ካረፈች ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር፤ በዓይናቸው ያዩዋት እያለቁ ነበር። ከቀሩት የሰማውን ሰብስቦ ስለጻፈ ገድሉ የተአምር መጽሐፍ ብቻ አልሆነም። የሐይቁ ላይ ጉዞ፣ የማኅበሩ ሕመምና ችግር፣ የመነኮሳይያቱ ፍቅርና ቅያሜ፣ ቅድስቲቱ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራት ባልንጀርነት ሁሉ አለበት። አንድ ማኅበር ምስክሮቹ ሳይሞቱበት ራሱን ለማስቀረት ሲጣደፍ የምናየው እዚያ ነው።

ደብረ ታቦር የተቆረቆረችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በየጁው ራስ ጉግሣ ዘመን ነው። እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ድረስ የራሶች መቀመጫ ሆና ቆየች፤ ከዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተሙባት፤ ኋላም ዐፄ ዮሐንስ እየመጡ ከርመውባታል። የመጣው ሁሉ አዳራሽ ያቆማል፤ የሄደው ይተወዋል ወይም ያቃጥለዋል። ቴዎድሮስ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጡ ከተማዋን በእሳት ለቀቋት። እንጨት የቆረጠው፣ ሣር የከደነው የደጋ ሰው ለእያንዳንዱ ጌታ ከአዲስ ሲጀምር ኖሯል፤ ስሙን የመዘገበለት ግን የለም።

ከዚያ ዘመን ሥራ ሁሉ ከፎቶ ማምለጡ የሚቆጨኝ መንገዱ ነው። ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው ጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው ሠሩ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ሠራዊቱ ገደሉን እየናደ፣ ሸለቆውን እየሞላ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ ስድስት ወር ያህል ተጓዘ። ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር በዓይናቸው ያዩ እስረኞችና ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። ከጋፋት ሠሪዎች እነ ዋልድማየር በስም ይታወቃሉ። ጠፍሩን ትከሻቸው ላይ ካደረጉት መካከል አንድ ስም የሚጠራልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በዚያው ወራት፣ ከዚያው መንገድ ማዶ፣ ካሜራ እየመጣ ነበር። የታሰሩትን አውሮፓውያን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ሲነሳ የሮያል ኢንጂነርስ ፎቶ አንሺዎችን በሳጅን ጆን ሃሮልድ መሪነት አስከትሏል። ገደላገደሉን፣ ሰፈሩን፣ የጦር መኮንኖቹን፣ ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አነሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ፤ በሕይወት ሳሉ ግን የተነሱት ፎቶ የለም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደና እዚያ ስመ ጥሯ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሳችው። አባቱ ያሠሩት መንገድ ግን ከሠሪዎቹ ጋር አልተነሳም፤ ከፋዩ የእንግሊዝ ጦር ሚኒስቴር ነበር፤ የሚፈልገውም የራሱን ድል ነው።

ከዚያ በኋላ ካሜራ በኢትዮጵያ የቤተ መንግሥት ዕቃ ሆኖ ሰነበተ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 መጥቶ የምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ለልጆቹ አወረሰ። ሽመልስ ደስታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 በቤተ መንግሥት አንሥቷል፤ በአብዮቱ ወቅት ሊጠፉ ይችሉ የነበሩ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ዘመን ፎቶዎች ጠብቆ ያቆየልን እሱ ነው። ትልቅ ውለታ ነው። ያም ሆኖ ካሜራው የሚያየው አሁንም ያሠራውን ነው፤ ሪባን የሚቆርጠውን፣ የመሠረት ድንጋይ የሚያኖረውን።

ነገሩ የተገለበጠው ፎቶ ቤት ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲወርድ ነው፤ የገለበጠውም የገበያው ሥራ እንጂ የማንም ቸርነት አይደለም። የደብረ ታቦር ፎቶ አንሺ ከአንድ ጌታ ደመወዝ አይቆረጥለትም። የዕለት እንጀራው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ። ወፈር ያለ ገቢ የሚያገኘው ግን ሕዝብ ከተሰበሰበበት ነው። አንድ ጊዜ ያነሳውን ፎቶ በሰው ቁጥር አሳጥቦ ይሸጣል። መልኩ ያልታየ ሰው አይገዛም፤ በጋቢ የተሸፈነ፣ ከጎረቤቱ ጀርባ የተደበቀ ሁሉ ለእሱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ አጭሩን ወደ ፊት ያወጣል፣ ረጅሙን ወደ ኋላ ይሰዳል፣ ሕፃናቱን መሬት ያስቀምጣል። «አባባ፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ይበሉ፤ እትዬ፣ ነጠላውን ከፊትዎ ገለጥ ያድርጉልኝ» እያለ ይለምናል። ለአራት መቶ ዓመት ቀለም የተነፈገውን ፊት ሁሉ ሳንቲም አስገድዶት አበራው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ቅንነት በታሪክ ሰነዶቻችን ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ከእነዚህ ፎቶዎች አንዱን ከጉና ተራራ ግርጌ በሆነ ቤት፣ ከሳጥን ውስጥ ወጥቶ አይቼዋለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጫፉ በወረቀት መቁረጫ እንደ መጋዝ ጥርስ ተከርክሟል። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቆርቆሮው ገና ያበራል፤ የባሕር ዛፍ መሰላል ጣሪያው ላይ እንደተደገፈ ነው። በመሰላሉ ላይ ሦስት ወንዶች አሉ፤ አንዱ መዶሻውን አልጣለም። ከታች በጀርባዋ ገንቦ ያዘለች ሴት ግማሽ ዞራ ታያለች፤ የመጣችው ለመነሳት ሳይሆን ጠላ ለማድረስ እንደሆነ ከአቋቋሟ ይታወቃል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ቆመዋል፤ ይሁን እንጂ ከሌላው አልገነኑም። ከጀርባው በእስኪርቢቶ «ጉልላቱ የወጣ ዕለት ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረት የለውም። የቤቱ እናት ግን ከፎቶው ላይ በጣታቸው እየነኩ ከሞላ ጎደል ሁሉንም በስም ጠሩልኝ፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወንድም፣ ይኸ ወደ መተማ ሄዶ የቀረው። ገንቦ ያዘለችውን ሲጠሩ ሳቁ፤ እሳቸው ነበሩ።

የቤተሰብ ስብሰባም እንዲሁ ነው። የጥር ሰርግ፣ ክርስትና፣ የማኅበር ዝክር፣ ሰንበቴ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተማዋ ስሟን የምትጋራው የነሐሴ 13 በዓል፣ ቡሄ። ችቦው ሲለኮስ፣ ሙልሙሉ ሲታደል ፎቶ አንሺው አይጠፋም። ክረምት ስለሆነ ሥራው ቀላል አይደለም፤ የደጋው ጉም ሲወርድ ብርሃኑ ይጠፋል፣ ፍላሹ ጉሙን ብቻ አብርቶ ይመለሳል። ፎቶው የሚነሳው ለአልበም ብቻ አልነበረም። በጎጃም፣ በሁመራ፣ በአዲስ አበባ ለቀረው ልጅ በፖስታ ይላካል፤ እሱም በተራው በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት፣ የፕላስቲክ አበባ አጠገብ ቆሞ ተነስቶ ይልካል። ብዙ እናቶች ልጃቸው ጎልማሳ መሆኑን የተረዱት በዚያ ፎቶ ነው።

የደርግ ዘመን ወደ ሳጥኑ ሁለት ነገር ጨመረ፤ ፍርሃትንና ዘመቻን። በቀይ ሽብር ጊዜ ከማን ጋር ቆመህ ተነሳህ የሚለው ጥያቄ ያስጠይቅ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ ፎቶውን ምድጃ ውስጥ ከቷል፤ አንዳንዱም የጓደኛውን ፊት በመቀስ ቆርጦ አውጥቶ የራሱን አስቀርቷል። በሌላ በኩል የዕድገት በኅብረት ዘማቾች፣ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ አዲስ የተሠራው የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሁሉ ፎቶ ፊት ቆሙ። የመንግሥት ከፋይነት ቀስ እያለ የተመለሰው ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው የሪፖርት ፎቶ ነው። በዓመት አንዴ በበጋ የተፋሰስ ሥራ ሲደርስ ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ለእርከን ይወጣል። ርብና ጉማራ ከጉና ስለሚነሱ እርከኑ የእውነት ሥራ ነው፤ ከ4,100 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ የሚታጠበው አፈር የሚያርፈው ፎገራ ሜዳና ጣና ላይ ነው። ይህን ሥራ የሚያነሳው ካሜራ ግን የሚከፈለው ከአንድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ፎቶው ከግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ጋር ይያያዛል። እናም በፎቶው ላይ አዲስ ኮፍያ ያደረገ ኃላፊ አንዲት ድንጋይ አንስቶ ይታያል፤ ሕዝቡ ከኋላው ደብዛዛ ነው። ናርጋ ያለውን ሥዕል ለሚያውቅ ሰው ይህ አቀማመጥ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ምንትዋብ ቢያንስ መስገዳቸው ነው።

አሁን ሁሉም ሰው ሞባይል ይዟል፤ ሁሉም ያነሳል። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ የጉልላቱን ቀን በቴሌግራም ይለቃል፤ ወንፈል የወጡ ወጣቶች ራሳቸውን ያነሳሉ። ፊት ተርፏል። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሸጥ ግን ሰርጉም ዝክሩም አብሮ ይሄዳል፤ ከጀርባው የሚጻፍበት ወረቀት ስለሌለም ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ማን እንደሆነ የሚነግረን አይኖርም። የቅርቡ ዘመን መከራ ደግሞ አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ላይ ወድቆ ሰው ገድሏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የአማራ ክልል ከግጭት አልወጣም። በዚህ መሐል ካሜራ አንግቶ ገጠር መውጣት ያስጠረጥራል፤ ሰርጉም ድግሱም ቀንሷል፤ ፎቶ ቤቱም ወደ ጉርድ ፎቶው ተመልሷል። እንደ ቀይ ሽብሩ ጊዜ ሁሉ ዛሬም ከስልኩ ላይ እየመረጠ የሚያጠፋ ሰው አለ።

ምን ይደረግ ለሚል፣ ሥራው ከባድ ማሽን አይጠይቅም። አዲስ አበባ ላይ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ሰዎች ከየቤታቸው አልበም ያመጡትን ሰብስቦ መጽሐፍ አድርጎታል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ታሪክ የሚያጠኑ ተማሪዎች አሏት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ስለ ራሶቹ ለመቶኛ ጊዜ ከሚጻፍ፣ አንድ ተማሪ አንድ ቀበሌ ይዞ፣ ፎቶውን ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጎ፣ ከአንዲት እናት አፍ ስሞቹን ቢመዘግብ ገላውዴዎስ ቆራጣ ላይ ያደረገውን ማድረግ ነው። ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ሁሉም ቤተሰብ ሳጥኑ እንዲከፈት አይፈልግም፣ ምክንያቱንም የማስረዳት ዕዳ የለበትም።

የሚያቻኩለው ግን ኔጋቲቩ ነው። የታጠበው ፎቶ በየቤቱ ተበትኗል፤ ኔጋቲቩ ያለው ሱቃቸውን በዘጉ የቀድሞ ፎቶ አንሺዎች ጓዳ፣ በላስቲክ ታስሮ ነው። ላስቲክ የደጋውን ክረምት እርጥበት ይይዛል፤ ሻጋታው ፊልሙን ይበላዋል። ወደ ወረቀት ፖስታ ማዛወር እንኳ ጥቂት ዓመታት ያተርፋል። መጀመሪያ መሄድም ወደ እነዚህ አባቶች ነው፤ ማን ስንት ቅጂ እንደወሰደ፣ ማን በዱቤ ወስዶ እንደቀረ ሳይቀር ያስታውሳሉ። ሲጠየቁ ግን ዋጋው ይከፈላቸው። ዕድሜ ልካቸውን በራስ ቁጥር ሲሸጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ለታሪክ ሲባል በነፃ ስጡን የሚል ሰብሳቢ ባዶ እጁን ቢመለስ እኔ አልፈርድባቸውም።