የተጨባጭ ቃል ዋጋ፦ የጉራጌን ሕይወት በኢ-ልቦለድ መጻፍ

ስለ ጉራጌ በአማርኛ በሚጻፉ ግለ ታሪኮችና የጉዞ ማስታወሻዎች ውስጥ «ታታሪነት»፣ «ቁጠባ» እና «አንድነት» ይመላለሳሉ። ውዳሴ መሆናቸው አይካድም፤ ግን ከወልቂጤ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባን አንድ ነጋዴ ከሌላው አይለዩልንም። እንሰቱ እስኪደርስ ዓመታት የጠበቀች፣ ፍቃ ጉድጓድ ውስጥ ያብላላች፣ ቃጫውን ለይታ ገበያ ያወጣች ሴት ስትተረክ ግን «ታታሪ» የሚለው ቃል ባይጻፍም አንባቢው ራሱ ይለዋል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉት፣ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው የሺነጋ መንደር ታሪክ የገጠሩን ኑሮ በትዕይንት ማሳየቱ ለዚህ ቀዳሚ አብነት ነው።

ይሁን እንጂ «ተጨባጩን ጻፍ» የሚለው የተለመደ ምክር ኢ-ልቦለድ ላይ ሲደርስ ይጎድላል። ተጨባጭ ዝርዝር እማኝ ይጠይቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረች የሚነገርላትን የቃቄ ውርድወትን እንውሰድ። ወንዶች በላይ በላይ ሚስት ማግባታቸውን፣ ከባሏ የተለየች ሴት ያለ እሱ ፈቃድ ሌላ ማግባት አለመቻሏን ተቃውማ የጆካ በተባለው የጉራጌ ባህላዊ ሸንጎ ፊት መቆሟን ትውፊቱ ነግሮናል። የለበሰችውን ልብስ፣ የድምጿን ቃና ግን አላቆየልንም። እንዳለጌታ ከበደ «እምቢታ» በተሰኘው ልቦለዱ ይህን ክፍተት በምናቡ መሙላት ይችላል፤ መብቱ ነው። የኢ-ልቦለድ ጸሐፊ ቢሞላው ግን ሐሰት ይሆናል። እማኝ በሌለበት «ተቃወመች» የሚለው ደረቅ ቃል ታማኝ ቃል ነው፤ ጥበብ አነሰው ብሎ መውቀስ አይገባም።

ስለ ዛሬው ኑሮ ለሚጽፍ ይህ ምክንያት አይሠራም። እማኙ በሕይወት አለ፤ ጠይቆ መመዝገብ ይቻላል።

ቁጥርም ያታልላል። በቡታጅራና በአካባቢዋ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልደትንና ሞትን የመዘገበው የገጠር ጤና ጥናት ለሕዝብ ጤና ሳይንስ ባለውለታ ነው። የሞት መጠን ትክክለኛ እንጂ ተጨባጭ አይደለም፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳለቀሰ አይነግርም። ትረካ ውስጥ የገባ አኃዝ ከረቂቅ ቃላት ወገን መቆጠር አለበት ባይ ነኝ።

በወልቂጤና በቡታጅራ ጽሕፈት የምታስተምሩ ባልደረቦች፣ የተማሪን ድርሰት ስታርሙ «ዝርዝር ጨምር» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ማን ነገረህ?» ብላችሁ ጠይቁ።